የመሣሪያ ፈቃድ፦ ለማን ይሰጥ? ለማን ይከልከል? ከተሰጠ በኋላስ?

በ1956 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤታቸውና ጨቅላ ልጃቸው ቤት ውስጥ ነበሩ። ደግነቱ ተርፈዋል። ከዚያ በኋላ ኪንግ መሣሪያ ይዘው ለመንቀሳቀስ ፈቃድ ጠየቁ። በጊዜው ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው የአካባቢው ባለሥልጣን ነበር፣ እንደ መሰለው። ኪንግም ተከለከሉ። ቤቱ በቦምብ የተመታ ሰው ራሱን ለመከላከል ፈቃድ ካልተገባው ለማን ይገባል?

አሁን ደግሞ ወደ 2021 እንምጣ። እንግሊዝ አገር፣ ፕሊማውዝ ከተማ። አንድ ወጣት ከአንድ ዓመት በፊት መናፈሻ ውስጥ ሁለት ታዳጊዎችን ደብድቧል። በዚህ ምክንያት ፖሊስ ጠመንጃውንና ፈቃዱን ወስዶበት ነበር። ጁላይ ላይ ሁለቱንም መለሰለት። በቀጣዩ ወር፣ ኦገስት ላይ፣ ይኸው ሰው እናቱንና አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃንን ጨምሮ አምስት ሰው ገደለ፣ ከዚያም ራሱን አጠፋ። ጠመንጃው ሕጋዊ ነው። ፈቃዱም ሕጋዊ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣኋቸው በምክንያት ነው። ስለ መሣሪያ ፈቃድ ስንከራከር አብዛኞቻችን አንደኛውን ስህተት ብቻ ነው የምናየው። ስለ ነፃነት የሚጨነቀው ሰው ያለአግባብ የተከለከለውን ያያል። ስለ ደህንነት የሚጨነቀው ያለአግባብ የተፈቀደለትን ያያል። ከዚያ እንጯጯሃለን። እኔ ፈቃድ መኖር አለበት፣ ጠንካራም መሆን አለበት ባይ ነኝ። ነገር ግን ጠንካራ ማለት ብዙ ሰው የሚከለክል ማለት አይደለም፤ ከሁለቱም ስህተቶች የሚጠብቅ፣ ለሚገባው ሰው ያለ ጉቦና ያለ ትውውቅ «እሺ» የሚል፣ ለማይገባው ደግሞ ማንም ይሁን ማን «አይሆንም» የሚል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረቀቱን ሰጥቶ የማይረሳ ሥርዓት ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን ነገሮቹን እንለያቸው፣ ምክንያቱም በክርክሩ መሀል በጣም ይደባለቃሉ። ክልከላ ማለት ይህን ዓይነት መሣሪያ ማንም ሲቪል አይያዝ ማለት ነው። ምዝገባ ማለት ይህ ተከታታይ ቁጥር ያለው ጠመንጃ የማን ነው የሚለውን መዝግቦ መያዝ ነው። የኋላ ታሪክ ማጣራት ማለት ደግሞ በግዢ ሰዓት የሰውየው ስም ከወንጀል መዝገብ ጋር መመሳከሩ ነው፣ አንዳንዴ በደቂቃዎች ያልቃል። ፈቃድ ከነዚህ ሁሉ ይለያል። ትኩረቱ ሰውየው ላይ ነው። መሣሪያውን ከመግዛትህ በፊት አንተ ራስህ ቀርበህ ትታያለህ፣ ትሠለጥናለህ፣ ትፈተናለህ፣ ስለ አንተ ይጠየቃል። ስለዚህ ፈቃድን የሚደግፍ ሰው ሁሉ ክልከላን ይደግፋል ማለት አይደለም፣ የሚቃወመውም ሁሉ የሰው ሞት ግድ አይሰጠውም ማለት አይደለም።

የነፃነቱ ክርክር በቁም ነገር መወሰድ አለበት። ራቅ ያለ ቦታ የሚኖር፣ ፖሊስ ቢጠራ ከሰዓታት በኋላ የሚደርስለት ሰው አለ። ከብቱን ከአውሬ የሚጠብቅ አለ። አዳኝ አለ፣ የዒላማ ተኩስ ስፖርተኛ አለ። ደግሞም መንግሥት ብቻውን መሣሪያ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ በታሪክ ያየ፣ እና የባለ መሣሪያዎች ስም ዝርዝር ነገ በማን እጅ እንደሚወድቅ የሚፈራ ሰው አለ። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የኪንግ ጉዳይ ራሱ የሚያሳየው እኮ ፈቃድ ሰጪው አካል አድሏዊ ከሆነ ፈቃዱ የጭቆና መሣሪያ እንደሚሆን ነው።

በሌላ በኩል ግን መሣሪያ እንደ ብዙ የግል ንብረቶች አይደለም። ስህተቱ ከባለቤቱ ጋር አይቀርም። አንድ ሰው ሽጉጥ ቤቱ ሲያስገባ ውሳኔው የእሱ ብቻ ይመስላል፣ አደጋውን ግን ሚስት ትካፈላለች፣ መሳቢያ የሚከፍት ልጅ ይካፈላል፣ ከግድግዳው ወዲያ የተኛ ጎረቤት ይካፈላል፣ በማግስቱ አብሮት በአንድ ሰልፍ የሚቆም የማያውቀው ሰው ይካፈላል። እነዚህ ሰዎች አልተጠየቁም። ፈቃድ ማለት በእኔ አስተያየት ላልተጠየቁት ሰዎች የሚጠይቅላቸው አካል ነው።

ነፃነትና ፈቃድ አብረው አይሄዱም የሚለውን ሐሳብ ለመፈተሽ ቼክ ሪፐብሊክን ማየት ጥሩ ነው። እዚያ አገር በ2021 ሕገ መንግሥታዊ ደረጃ ባለው የመብቶች ቻርተር ውስጥ ራስንም ሆነ ሌላን ሰው በመሣሪያ የመከላከል መብት ተጨምሯል፣ ሕግ በሚወስነው ሁኔታ። ነገር ግን ያው መብት ያለው ዜጋ ፈተና ማለፍና የሐኪም ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። አውስትራሊያ በተቃራኒው ጫፍ ናት። በኤፕሪል 1996 ፖርት አርተር ውስጥ 35 ሰው ከተገደለ በኋላ በጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ መንግሥት ዘመን ግዛቶቹ ተስማምተው፣ አብዛኞቹን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ከለከሉ፣ 650 ሺህ ገደማ መሣሪያም ከሕዝቡ ተገዝቶ ወደመ። ለፈቃድ «በቂ ምክንያት» ማቅረብ ግዴታ ሆነ፣ ራስን መከላከል ደግሞ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። «ለምን ትፈልጋለህ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለቱ አገሮች ተቃራኒ መልስ ነው የሰጡት። «አንተ ማነህ?» የሚለውን ግን ሁለቱም ይጠይቃሉ።

በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ በጩኸቱ ውስጥ እንደሚመስለው አይደለም። መሣሪያ ስለ መያዝ የሚናገረው የ1791ዱ የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የግለሰብ መብት ነው ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ2008 ነው፣ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ እዚያው ውሳኔ ላይም መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነ ተጽፏል። በ2022 ፍርድ ቤቱ የኒው ዮርክን ሕግ ጣለ። ያ ሕግ መሣሪያ ይዞ ለመውጣት የሚፈልግ ሰው ከሌላው የተለየ ምክንያት እንዳለው ባለሥልጣኑን እንዲያሳምን ያስገድድ ነበር። ብዙ ሰው ይህን «ፈቃድ ቀረ» ብሎ ነው የተረዳው። አልቀረም። የወደቀው የባለሥልጣኑ የፈቀድኩትን ላድርግ ባይነት ነው፤ ግልጽ መመዘኛ አስቀምጦ ላሟላው ሁሉ የሚሰጥ ፈቃድ አልተነካም። በ2024 ደግሞ በስምንት ለአንድ ድምፅ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት መከላከያ ትእዛዝ የወጣበትና አደገኛ ሆኖ የተገኘ ሰው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከል ይቻላል ብሏል። እኔ የ2022ቱንም የ2024ቱንም ውሳኔ አንብቤ የምረዳው ነገር፣ ባለሥልጣኑ በስሜቱ አይከልክል፣ አደገኛነቱ በማስረጃ የታየን ሰው ግን ይከልክል ነው። ብዙ አገር ይህን ቢይዝ ይበቃው ነበር።

ወደ አሠራሩ ልግባ፣ ነገሩ የሚበላሸው ወይም የሚድነው እዚያ ስለሆነ።

የፈቃድ ትልቁ ጥቅም ብዙም የማይወራለት ነገር ይመስለኛል፤ ጊዜ ነው። ንዴት፣ ቅናት፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ስካር፣ እነዚህ ሁሉ ያልፋሉ። ቃታ ከተሳበ በኋላ ግን የሚመለስ ነገር የለም። አውስትራሊያም ካናዳም 28 ቀን የመጠበቂያ ጊዜ አላቸው፣ በካናዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያመለክት ሰው ነው። ለአዳኝ ወይም ለስፖርተኛ 28 ቀን ምንም አይደለም። ዛሬ ማታ ሰው ለመግደል ወይም ራሱን ለመግደል ለሚያስብ ሰው ግን ብዙ ነው።

ራስን ማጥፋት የሚለውን ሆን ብዬ ነው ያነሳሁት። በአሜሪካ በየዓመቱ በመሣሪያ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ስለ መሣሪያ ስናወራ ግን ወንበዴና ጅምላ ግድያ ብቻ ነው ወደ አእምሯችን የሚመጣው። በጨለማው ሰዓት መሣሪያ አጠገቡ ያልነበረ ሰው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ከተረፉት አብዛኞቹም በሌላ ጊዜ ራሳቸውን አያጠፉም። የእስራኤል ጦር በ2006 ወታደሮች ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን ካምፕ ጥለው እንዲሄዱ አደረገ። ራሳቸውን የሚያጠፉ ወታደሮች ቁጥር በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ወታደሮቹ ያው ናቸው፣ ሥራቸውም ያው ነው፣ የተለወጠው መሣሪያው በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ ነው። ይህን እያነበባችሁ እንዲህ ያለ ሐሳብ እየከበዳችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ወይም ለሐኪም ንገሩ፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለም ሌላ ሰው ወስዶ ያስቀምጥላችሁ።

ሁለተኛው ነገር የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። መዝገብ የሚያውቀው ያለፈውን ብቻ ነው፣ ያውም የተያዘና የተፈረደበትን። ሰውየው ባለፈው ወር ምን እያለ እንደሚዝት የሚያውቀው ግን ሚስቱ ናት። ካናዳ ከአመልካቹ ጋር ያለችው ወይም ባለፉት ሁለት ዓመታት አብራው የነበረች አጋሩ ማመልከቻው ላይ እንድትፈርም፣ ካልፈረመችም እንድታውቀው ታደርጋለች። ጃፓን ውስጥ የጽሑፍ ፈተና፣ የተኩስ ፈተናና የሐኪም ማረጋገጫ ብቻውን አይበቃም፣ ፖሊስ ቤተሰብንም ይጠይቃል፣ በየዓመቱም ጠመንጃውን ያያል።

ይህ በግዴለሽነት ሲሠራ የሚሆነውን ኒው ዚላንድ በመራራ መንገድ አየችው። በማርች 2019 ክራይስትቸርች ላይ በሁለት መስጊዶች 51 ሰው የገደለው ሰው በ2017 ያገኘው ሕጋዊ ፈቃድ ነበረው። በኋላ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው ለፈቃዱ ምስክር የሆኑት አንድ ጓደኛውና የዚያው ጓደኛ ወላጅ ናቸው፣ ትውውቁም በአብዛኛው በኢንተርኔት ጌም የተገነባ ነበር። ሰውየውን በቅርብ የሚያውቅ የሥጋ ዘመድ አልተጠየቀም። ቅጹ ተሞልቷል፣ ቃለ መጠይቁ ተደርጓል፣ ፊርማው አለ። የፈቃዱ ዓላማ ግን አልተፈጸመም። ደግሞ አገሪቱ በዚያን ጊዜ ለሰው ፈቃድ ብትሰጥም አብዛኛውን መሣሪያ ስለማትመዘግብ አንድ ባለ ፈቃድ ስንት ጠመንጃ እንዳከማቸ የሚያውቅ አልነበረም። መዝገቡ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው።

ስለ መዝገብ ካነሳን ሁለት ነገሮች ልጨምር። በጁን 2015 በአሜሪካ ቻርልስተን ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘጠኝ ምእመናንን የገደለው ወጣት ሽጉጡን መግዛት አይገባውም ነበር። ማጣራቱ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ስላላለቀ ግን ሕጉ ሻጩ እንዲሸጥ ይፈቅድለት ነበርና ተሸጠለት። በ2017 ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ፣ ቴክሳስ ውስጥ ያልተወለደ ሕፃን ጨምሮ 26 ነፍስ ያጠፋው ሰው ደግሞ ሚስቱንና የእንጀራ ልጁን በመደብደብ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ነበር፣ አየር ኃይሉ ግን ፍርዱን ወደ አገር አቀፉ መዝገብ አላስተላለፈም። ስለዚህ ሕጉ ቢኖርም አልሠራም። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ጎራ ለይተን ለዓመታት የምንጨቃጨቅበት ጉዳይ በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ባልላከው ሰነድ መወሰኑ ነው።

የቻርልስተኑ ጉዳይ ለነፃነት ወገንም ትምህርት አለው። ቀነ ገደብ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ያለ ቀነ ገደብ ባለሥልጣን ማመልከቻውን መሳቢያ ውስጥ ከቶ «አይሆንም» ሳይል ሊከለክል ይችላል። ግን ቀኑ ሲያልፍ ዝምታ እንደ «እሺ» መቆጠር የለበትም። ቀኑ ካለፈ ጉዳዩ በራሱ ወደ ዳኛ ይሂድ፣ መሥሪያ ቤቱም ለምን እንደዘገየ መልስ ይስጥ። እንዲህ ከሆነ አመልካቹም አይንገላታም፣ ያልተጣራ ሰውም መሣሪያ አያገኝም።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ከሁሉም የተረሳው ነገር፣ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ያለው ጊዜ። ሰዎች የመሣሪያ ፈቃድን ከመንጃ ፈቃድ ጋር ማወዳደር ይወዳሉ፣ እስከ ተወሰነ ድረስም ልክ ናቸው። መንጃ ፈቃድ ግን በዋናነት ችሎታን ነው የሚመዝነው፣ መኪና መንዳት የቻለ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። መሣሪያ ላይ ችሎታው ትንሹ ነገር ነው። የሚመዘነው የሰውየው ሁኔታ ነው፣ እሱ ደግሞ ይለዋወጣል። በ30 ዓመቱ ረጋ ያለ የነበረ ሰው በ40 ዓመቱ በፍቺ፣ በመጠጥ ወይም በሕመም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

የፕሊማውዙ ገዳይ በመጀመሪያው ማጣሪያ ብቻ ሳይሆን ከድብደባው በኋላ በተሰጠው ሁለተኛ ዕድልም አልፏል። በዲሴምበር 2023 ፕራግ ውስጥ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ላይ 14 ሰው የገደለው ተማሪም ሕጋዊ ፈቃድና ሕጋዊ መሣሪያዎች ነበሩት፤ ከዚያ በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ ሻጮች አጠራጣሪ ግዢን እንዲያሳውቁ ተደረገ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በአሜሪካ ሜይን ግዛት ሉዊስተን 18 ሰው የገደለው ተጠባባቂ ወታደር አእምሮው እየታወከ መሆኑን ቤተሰቡ ለፖሊስ ተናግረው ነበር፣ የጦሩ ባልደረቦቹም ያውቁ ነበር። መሣሪያውን ለጊዜው መውሰድ የሚያስችል ሕግ ነበር። አልተጠቀሙበትም።

ካናዳ እዚህ ላይ የምወደው አሠራር አላት። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም በየቀኑ ከፖሊስ መረጃ ጋር ይመሳከራል፤ የሚያሳስብ ነገር ከተመዘገበ እድሳቱ እስኪደርስ፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ፣ አይጠበቅም። ለሕግ አክባሪው ባለ መሣሪያ ይህ ምንም አያስቸግርም፣ ቢሮ አያመላልስም፣ ገንዘብ አያስወጣም።

«ወንጀለኛ እኮ ፈቃድ አይጠይቅም» የሚለውን መከራከሪያ ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም። እውነት ነው፣ አይጠይቅም። በ2022 የቀድሞው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ የተገደሉት በቤት ውስጥ በተሠራ መሣሪያ ነው፣ የዓለም ጥብቅ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ ባለበት አገር። የትኛውም ፈቃድ ሁሉንም አያስቆምም። ነገር ግን በብዙ አገር በወንጀለኛ እጅ የተገኘ ሽጉጥ መነሻው ሕጋዊ ገበያ ነው። ይሰረቃል፣ ወይም ንጹሕ ሪከርድ ያለው ሰው ለሌላው ገዝቶ ይሰጣል። ፈቃድ ከምዝገባ ጋር ሲሆን ባለቤቱ «የት ሄደ?» እንደሚባል ያውቃል፣ ስለዚህ ይቆልፋል፣ ሲጠፋም ያመለክታል። የአሜሪካዋ ኮነቲከት ግዛት በ1995 ሽጉጥ ለመግዛት ፈቃድ ግዴታ ስታደርግ፣ ሚዙሪ ደግሞ የነበራትን በ2007 ስትሰርዝ፣ ተመራማሪዎች ሁለቱን ተከታትለዋል። ፈቃዱ የገባበት ግዛት በመሣሪያ የሚፈጸም ግድያም ራስን ማጥፋትም መቀነስ ጋር፣ የቀረበት ደግሞ መጨመር ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በሁለት ግዛት ብቻ ሁሉ ነገር አይረጋገጥም፣ ሌሎች ምክንያቶችም ይኖራሉ። ቢሆንም ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ መሄዳቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ክፍያውም ይታሰብበት። ፈቃዱ ውድ ከሆነ፣ ሥልጠናው በአንድ ትልቅ ከተማ ብቻ ከተሰጠ፣ መብቱ የሀብታም ይሆናል፣ ድሃው ወይ ይቀራል ወይ ከጥቁር ገበያ ይገዛል። ሁለቱም መጥፎ ነው። የተከለከለ ሰው ደግሞ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፣ ይግባኝ ይበል፣ ስሙ ያለበት መዝገብም ማን ሲከፍተው እንደነበር ይታወቅ።

አንድ ነገር ግን ከምንም በላይ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ብዙ ባለ መሣሪያ ሲጨንቀው ወደ ሐኪም የማይሄደው ፈቃዴን ለዘለዓለም ይወስዱብኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ሚስቱም የማትናገረው ለዚሁ ነው፣ ወይም ከተናገረች በኋላ ምን እንደሚመጣባት ስለምትፈራ። ስለዚህ ሕጉ በፈቃደኝነት ማስቀመጫ ይክፈት። ሰውየው ራሱ መሣሪያውን አምጥቶ ያስረክብ፣ ደረሰኝ ይቀበል፣ ፈቃዱ ሳይሰረዝ ይቆይ፣ መቼና በምን መመዘኛ እንደሚመለስለትም ደረሰኙ ላይ ይጻፍለት። ቤተሰብ ያመለከተ እንደሆነም የአመልካቹ ስም ይጠበቅ፣ ባለ መሣሪያውም በቀናት ውስጥ ዳኛ ፊት ቀርቦ ይሰማ።